ሁለት ኬክ ለአንድ ዓርብ

እማማ ዘነቡ የሞቱት ሹካ እንደጨበጡ ነው። ኢንስፔክተር በድሉ ካዛንቺስ፣ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ቤት ሲደርስ አስከሬኑ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነጠላ ተጥሎበት ነበር። ከነጠላው ሥር የወጣው ቀኝ እጅ ግን ሹካውን አልለቀቀም። ጫፉ ላይ ነጭ ክሬም ደርቋል።

በድሉ ብዙ የማይናገር፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ሰው የሞተበት ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ጠረጴዛውን ነበር። «ሬሳ ዝም ብሏል፤ ጠረጴዛ ግን ያወራል» ይላል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኬክ አለ። ትልቁ አልተነካም። ክብ ክብ የተቆረጠ ብርቱካን ተደርድሮበት፣ በቀለጠ ስኳር ተለብጦ እንደ መስታወት ያበራል። ትንሹ ነጭ ክሬም የተቀባ ነው፤ ከእሱ አንድ ቁራሽ ጎድሏል። ከአራቱ ሳህኖች ሦስቱ ንጹህ ናቸው። ውጭ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሩ ላይ የተሰካው የሆሳዕና ዘንባባ ገና ጨርሶ አልደረቀም።

«አራት ሴቶች ናቸው» አለ ሳጅን አባዲ። «ዓርብ ከሰዓት ተራ እየገቡ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ሟቿ፣ ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ላንቻ የምትኖር ረውዳ የምትባል ልጅና የባሏ የአክስት ልጅ ካሚላ። ኬኩን ሁልጊዜ የምትጋግረው ረውዳ ናት። ድሮ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ነበሩ አሉ።»

«ድሮ ማለት?»

«ረውዳ ሳትመጣ።»

በድሉ ጽጌሬዳን ወጥ ቤት ውስጥ አነጋገራት። ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ጠንካራ ፊት ያላት ሴት ናት። በወጥ ቤቱ ጥግ ትልቅ ኦቭን ቆሟል። ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጧል። የሚሠራ ዕቃ እንዲህ አይለብስም።

«ረውዳን ኬክ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለች ጽጌሬዳ። «እንቁላል መምታት እንኳ አታውቅም ነበር። አሁን በድስት ጋግራ፣ ሰው ፊት ገልብጣ ‘እዩልኝ’ ስትል ሰፈሩ ያጨበጭባል። ልደት ሲሆን ረውዳ፤ ምርቃት ሲሆን ረውዳ። የእኔ ኦቭን የአበባ መቆሚያ ሆኖ ቀረ።»

«ቀኑባት?»

«ቀናሁ። ምን ልዋሽ? ‘ምቀኛ አታሳጣኝ’ ይባል የለ? እኔ ነኝ ምቀኛዋ። ግን መርዝ...» አማተበች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ረውዳ ልጇን አዝላ፣ ትልቁን ኬክ ይዛ ገባች። ካሚላ ትንሹን። ‘ትልቁ የጾም ነው፤ ትንሹ የፍስክ’ አለች ረውዳ። ካሚላ ጥርሴን አሞኛል፣ ዛሬ ጣፋጭ አልነካም አለች። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ማንም አይነካም። እማማ ዘነቡ ከትንሹ ቆረሱ። ካሚላ ‘ውይ እማማ፣ ያኛው የፍስክ ነው!’ ብላ ሳህኑን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። እማማ ‘እኔስ ለእሱ አይደል የመጣሁት!’ ብለው ሳቁባት። ሁለቴ ጎረሱ። በቃ።»

«የጾም ኬክ ያዘዙት እርስዎ ነዎት?»

«ምንም አላዘዝኩም።»

«ሲመጣ ታዲያ ምን አሉ?»

ጽጌሬዳ ኦቭኑን አየች። «ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ እንዲህ አሳምሬ እሠራለሁ ለማለት ያመጣችው መሰለኝ። ዓይኔን ልታቃጥለው።»

በድሉ ሳሎን ተመልሶ ትልቁን ኬክ ደግሞ አየው።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ነገሩ ረውዳ ላይ ከበደ። ትልቁ ኬክ ንጹህ ነው። መርዙ የተገኘው በትንሹ ኬክ ክሬም ውስጥ ነው፤ የተባይ ማጥፊያ። እንዲህ ያለውን ዕቃ የረውዳ ባል ሱሩር ባምቢስ አጠገብ ባለው ሱቁ ይሸጣል። ክሬሙን የመታችውም የቀባችውም ረውዳ ናት። ሰኞ ፍርድ ቤት ልትቀርብ በማረፊያ ቤት ቆየች።

በድሉ ሊያነጋግራት ሲገባ ከአግዳሚው ተነሳች። ቀጭን ናት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ወተቱ ቀሚሷን አርጥቦት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደራርባለች።

«ልጄን ማን ያዘልኝ?»

«ካሚላ። በጡጦ ታጠባታለች።»

«አልሐምዱሊላህ። ካሚላ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

«ኬኩን ንገሪኝ» አለ በድሉ።

«ዓርብ ዓርብ ሁለት ነው የምጋግረው። ለእነ እትዬ ጽጌሬዳ የጾም፣ ለእኔና ለካሚላ ትንሽ የፍስክ። ባለፈው ግን ለሁላችንም አንድ የቅቤ ኬክ ልሠራ ዱቄቱን ነፍቼ ነበር። ካሚላ መጣችና ‘እትዬ ጽጌሬዳ እንደ ወትሮው ሁለት ይሁን፣ የጾም አይቅር ብለዋል’ አለችኝ።»

«አልገረመሽም?»

«እንዴት አይገርመኝ! ያደግኩት ደሴ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ነው። ግን እትዬ ጽጌሬዳ አስተማሪዬ ናቸው። ያለ እንቁላል ሲነፋላት በዓይኔ ልይ ያሉ፣ ሊፈትኑኝ የፈለጉ መሰለኝ።»

«ነፋልሽ?»

እንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «ነፍቶ ነበር። ማን ቀምሶት!»

«ታክሲ ውስጥ ትንሹን ማን ያዘው?»

«ካሚላ። እኔ ልጅ አዝዬ፣ ትልቁን ታቅፌ፣ በየት እጄ?»

ውጭ ሲወጡ አባዲ ራሱን ነቀነቀ። «ወይዘሮ ጽጌሬዳ አዘዙ ትላለች፤ እሳቸው አላዘዝኩም ይላሉ። ጌታው፣ የቀኑት እሳቸው ናቸው። በራሳቸው አፍ አምነዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።»

«ቀናሁ ያለ ሰው አንዱን እውነት ተናግሯል» አለ በድሉ። «ሌላውን ደግሞ እንይለታለን።»

ረቡዕ ከሰዓት ላንቻ ሄዱ። በሩን የከፈተችው ካሚላ ናት። የረውዳን ሽርጥ ታጥቃለች፤ የረውዳን ልጅ አዝላለች። ቤቱ ተወልውሎ ያበራል። ሱሩር አልጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱ ጠቁሯል።

ካሚላ ሳትጠየቅ ሻይ አቀረበች። ለሱሩር ወተት ያለበት፣ ለሁለቱ እንግዶች ጥቁር። ለራሷ ወተት ጨምራ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር አደረገችበት።

«ጥርስሽ ዳነ?» አላት በድሉ።

«እ? አዎ፣ ተሽሎኛል።»

ቡፌው ላይ የኬክ ሚክሰር ተቀምጧል። በድሉ ዓይኑን ጣለበት። «የረውዳ ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ቶሎ። «ማለቴ፣ ከጅዳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስመጣ ሰጠኋት። ስም ያወጣችው በሱ ነው።»

«ጅዳ ነው ያደግሽው?»

«እዚያው ነው የተወለድኩት። አባቴ ሲሞት፣ ባለፈው ክረምት ነው የመጣሁት።»

«የአክስቴ ልጅ ናት» አለ ሱሩር። «እናቴ በሕይወት ሳለች ‘ካሚላን ነው የምታገባው’ እያለች በስልክ ታስቀን ነበር። የልጅነት ወሬ። ለረውዳ አሁን ከእህት በላይ ናት።»

የካሚላ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። የሱሩር ስልክ ሲጮህ ሊያነሳ ወደ ግቢ ወጣ። የእሱ ብርጭቆ ገና ግማሽ ነው፤ እሷ ግን ሞላችው።

«የእማማ ዘነቡ ነገር እንዴት ነው?» አለ በድሉ። «ታውቂያቸው ነበር?»

«ደግ ሴት ነበሩ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሰው ፊት እንደዚያ ሲያደርጉ አፈርኩላቸው። ጾማቸውን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር።»

በድሉ ጥቁር ሻዩን እስከ አተላው ጠጣ። ተነስቶ አመሰገነ።

መንገድ ላይ አባዲ አጉረመረመ። «ስስታም ናት! ወተቱን ለሰውየው ብቻ። እኛስ ጉሮሮ የለንም?»

«ስስት አይደለም» አለ በድሉ። ኦሎምፒያ ሲደርሱ ቆም አለ። «ዓርብ ሁሉንም ጽጌሬዳ ቤት ሰብስብልኝ። ረውዳንም አምጣት። ያቺ ሕፃን እዚያ ቤት ብዙ ባታድር ደስ ይለኛል።»

ዓርብ ሁሉም በዚያው ሳሎን ተቀመጡ። ጽጌሬዳ በሩ አጠገብ። ሱሩር መሃል። የሟቿ ልጅ ገብረሚካኤል ጥቁር ለብሶ ከመስኮቱ ሥር። ካሚላ ሕፃኗን አዝላ ሶፋው ጫፍ ላይ። እማማ ዘነቡ የተጋደሙበት ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ረውዳ ከአባዲ ጋር ስትገባ ገብረሚካኤል ፊቱን አዞረባት።

«መጀመሪያ ልጅቷ ለእናቷ ትሰጥ» አለ በድሉ።

ካሚላ አንድ አፍታ አመነታች። ከዚያ ፈታችና ሰጠች። ረውዳ ወደ ግድግዳው ዞራ ማጥባት ጀመረች። በድሉ ጠበቀ። ለሌላ ሰው እንዲህ ሲጠብቅ አባዲ አይቶት አያውቅም።

«አቶ ገብረሚካኤል» አለ በመጨረሻ። «እናትህ ጾም ሰብረው ያውቃሉ?»

«እናቴ? ሰባቱን አጽዋማት ሲጾሙ ነው ያረጁት። ታመው ተኝተው እንኳ ወተት በአፋቸው አይዞርም ነበር።»

«ታዲያ ባለፈው ዓርብ የቅቤ ኬክ እንዴት በሉ?»

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ አየው። «ምን ጾም አለና? ሃምሳው እኮ ነው።»

«ሃምሳው ምንድን ነው?» አለች ካሚላ።

ጽጌሬዳ ቀስ ብላ ዞረች። ሱሩርም ዞረ። ካሚላ ሁሉም እንደሚያያት ስታይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«ጥሩ ጠየቅሽ» አለ በድሉ። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። እኔ አውቃለሁ። ጽጌሬዳ ታውቃለች። ሱሩር፣ አንተስ?»

«ይሄን ማን ያጣዋል? አዲስ አበባ ነው ያደግኩት።»

«ረውዳ?»

«ደሴ ልጅ እንኳ ያውቀዋል» አለች ረውዳ ሳትዞር።

በድሉ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። «እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት ሁላችንም የምንጠይቀው መርዙን ማን ጨመረው የሚለውን ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የተመረዘው ኬክ አይደለም፤ ደህናው ነው። ጾም በሌለበት ዓርብ የጾም ኬክ ምን ይሠራል? ረውዳ አንድ የቅቤ ኬክ ለሁሉም ልትሠራ ነበር። ትክክል ነበረች። ‘ሁለት ይሁን’ የሚል ትእዛዝ መጣላት፤ በጽጌሬዳ ስም። ጽጌሬዳ አላዘዝኩም አለች። ወይ እሷ ዋሽታለች፣ ወይ መልእክተኛዋ።»

«እሳቸው ናቸው ያሉኝ!» አለች ካሚላ።

«ቆይ። ጽጌሬዳ ቀንታለች። መዋሸት ብትፈልግ ግን በሌለ ጾም አትዋሽም፤ ሰፈር ይስቅባታል። በሌለ ጾም የሚዋሽ፣ ጾሙ እንደሌለ የማያውቅ ብቻ ነው። አንቺ የመጣሽው ባለፈው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ያየሻቸው ዓርቦች ሁሉ የጾም ነበሩ፤ ከፋሲካ በኋላ የተሰበሰባችሁት ያን ዕለት መጀመሪያ ነው። ዓርብ ሁሉ እንዲያ መሰለሽ።»

«ይሄ ምን ወንጀል አለው?»

«አለማወቅ ወንጀል የለበትም። ትንሹን ኬክ ማን ነበር የሚበላው? እንዳንቺ ሐሳብ ክርስቲያኖቹ አይነኩትም። የቀረችው ረውዳ ናት፤ አንቺ ደግሞ ጥርስሽን አሞሻል። ኬኩን ለአንድ ሰው ብቻ ለየሽው። ታክሲ ውስጥ ጭንሽ ላይ የነበረውም እሱ ነው። የሱሩር ሱቅ ዕቃ ደግሞ ለረውዳ እንደሚቀርባት ሁሉ ለአንቺም ይቀርብሻል።»

«እሷስ?» ካሚላ ጣቷን ወደ ረውዳ ቀሰረች። «እኔን ልትገድል ቢሆንስ?»

«ረውዳ ሃምሳውን ታውቃለች። ሁሉም ከቅቤው እንደሚቀምስ፣ ትልቅ ሰውም እንደሚቀድም ታውቃለች። አንቺን መግደል ብትፈልግ እማማ ዘነቡ ፊት አታቀርበውም።» ድምፁ አልጨመረም። «ረቡዕ ዕለት ቤትሽ መጣን። ለሱሩር ወተት ቀዳሽ፣ ለራስሽ ቀዳሽ፤ ለእኔና ለአባዲ ጥቁር ሻይ። እንዳትበድይን ብለሽ ነው። ደግ አስተናጋጅ ነሽ። ከዚያ ‘ጾማቸውን ጠብቀው ቢሆን ይተርፉ ነበር’ አልሽኝ። በዚህ ሰፈር እማማ ዘነቡ ጾም ሰበሩ ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እንዲድኑበት ያሰብሽው ጾም በዚያ ቀን አልነበረም።»

ካሚላ ሱሩርን አየችው። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«ነግሬያቸው ነበር» አለች። «‘ያኛው የፍስክ ነው’ ብያቸዋለሁ። ሁሉም ሰምቷል። ነግሬያቸው ነበር!»

«አንድ ጊዜ ነገርሻቸው» አለ በድሉ። «ሁለተኛ ብትይ ኖሮ፣ ሳህኑን መትተሽ ብትጥይው ኖሮ፣ ዛሬ ቤታቸው ነበሩ። ግን ‘ለምን?’ ትባያለሽ። ስለዚህ እጅሽን መለስሽ፤ ሲጎርሱም አየሽ።»

ገብረሚካኤል ብድግ አለ። አባዲ በትከሻው መሃል ገባ።

ካሚላ ማልቀስ አልጀመረችም። ከአፏ የወጣው ድምፅ ደረቅ ነው። «ሚክሰሩ የእኔ ነው። ሰውየው ለእኔ ነበር የታሰበው። እኔ እዚያ የሰው ቤት ሳጸዳ እሷ ቤቴ ውስጥ ተቀመጠች። ጎረቤት መጥቶ ‘እጅሽ ይባረክ’ ሲላት፣ ሳህን የማጥበው እኔ ነኝ። ‘ካሚላ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር’ ትለኛለች። በየቀኑ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ረውዳ አሁን ዞረች። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ልጄን ሳምንት ሙሉ ስታጠቢ ከረምሽ» አለች። ካሚላን ሲወስዷት ሱሩር እስከ በሩ ሊከተላት ተነሳና መንገድ ላይ ቆመ።

ጽጌሬዳ ብቻ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ኢንስፔክተር» አለች። «ያን ዕለት ‘ምን ጾም አለ፣ ልጄ?’ ብዬ ብስቅ ኖሮ... ካሚላ ትሰማ ነበር። ኬኩን ራሷ ትደፋው ነበር። እኔ ግን የረውዳን ኬክ ላለማድነቅ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ።»

በድሉ ኮፍያውን አደረገ። ሊያጽናናት አልሞከረም። ሊወቅሳትም አልሞከረም።

የሐዋርያት ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቀን ለማስረጃ የተወሰደውን መጋገሪያ ሊመልስ ላንቻ ሄደ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጽጌሬዳ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። ረውዳ በእንጨት ማንኪያ ሊጥ ታማስላለች። ሚክሰሩ ቡፌው ላይ የለም።

«ነገ የእማማ ዘነቡ አርባ ነው» አለች ጽጌሬዳ፣ ሳይጠይቃት። «ጾም ውስጥ ገባ። ለእንግዳ የሚሆን የጾም ኬክ... ያለ እንቁላል እንዴት እንደሚነፋ አሳይኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሎሚ ነው እኮ እትዬ» አለች ረውዳ። «ትንሽ ሎሚ ቤኪንግ ፓውደሩን ያስነሳዋል።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለሎሚ ነው እንዴ የቀናሁት?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ቀድሞ የወጣው ኬክ ተገልብጦ ቀዝቅዟል። ረውዳ ከብርቱካኑ ጋር አንድ ቁራሽ ቆርጣ ለበድሉ አቀረበችለት። እሱ ሹካውን አነሳ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ከሳህኑ ጫፍ ቆረሰችና ቀድማው ጎረሰች። አላምጣ እስክትውጥ ቆሙ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» አለች። «ትልቅ ሰው እንደሚቀድም አውቃለሁ። ከእማማ ዘነቡ ወዲህ ግን እኔ ሳልቀምስ ለሰው ማብላት አይሆንልኝም።»

በድሉ ራሱን ነቀነቀና በላ።